የወላጆች ቀን በእርሻ ወራት

ዘር የዘራ ሰው አዝመራውን ለማየት ወደ እርሻው መውጣቱ የታወቀ ነው። ገበሬ ዘሩን በትኖ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ቡቃያው መብቀሉን፤ አረሙ መብዛቱን፤ ዝንጀሮና ወፍ መግባቱን ሳይመለከት እስከ መከር ዝም ብሎ አይቀመጥም። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ቢገኝ ጎረቤቱ ሰነፍ ይለዋል እንጂ ገበሬ አይለውም። ነገር ግን ከእህል ሁሉ የሚበልጠውን ዘር፤ ማለት ልጁን፤ ወደ ትምህርት ቤት ከሰደደ በኋላ አንድም ቀን ሄዶ ሳያይ ስምንትና ዐሥር ዓመት የሚያሳልፍ ወላጅ ብዙ ነው። ይህንን ግን ማንም ሰው ስንፍና ብሎ ሲጠራው አይሰማም።

በኢትዮጵያ የትምህርት ዘመን በመስከረም ተከፍቶ በሰኔ ይዘጋል። ሰኔ 30 ቀን ተማሪ የዓመቱን ውጤት የሚቀበልበት ቀን ሆኖ ከመታወቁ የተነሣ፤ በትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ የቀኑን ስም ሲሰማ ልቡ ይነቃነቃል። በዚሁ ሰሞን ብዙ ትምህርት ቤቶች የወላጆች ቀን የተባለውን በዓል ያደርጋሉ። በዚያም ቀን ሕፃናቱ ግጥም ያነባሉ፤ መዝሙር ይዘምራሉ፤ አጭር ቴአትር ያሳያሉ፤ በሜዳው ላይ ይሮጣሉ፤ ይዘላሉ፤ ኳስ ይጫወታሉ። በትምህርታቸው የበለጡትም በሕዝብ ፊት ሽልማት ይቀበላሉ። የበዓሉ ስም ራሱ እንደሚያመለክተው ቀኑ የተሰየመው ለተማሪው ወይም ለአስተማሪው ሳይሆን ለወላጁ ነው። ባለ በዓሉ ሳይገኝ የሚከበር በዓል ምን ዓይነት በዓል እንደ ሆነ ለማንም አስተዋይ ሰው የተሰወረ አይደለም።

የምዕራብ ጎጃምን አገር የተመለከተ ሰው የዚህን ነገር ችግር ከሥሩ ሊረዳው ይችላል። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላምና የበርበሬና የበቆሎ ገበያዋ የታወቀው ቡሬ፤ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በዙሪያቸው የጃቢ ጠህናን፤ የወምበርማ፤ የደምበጫ፤ የቋሪትና የደጋ ዳሞት ገጠር ተዘርግቶ ይገኛል። የዚህ አገር ሕዝብ የሚኖረው በእርሻ ነው፤ ሰኔም ለገበሬ እጅግ የሚጨንቅ ወር ነው። በቆሎው ይታረማል፤ ይኮተኮታል፤ የጤፉ መሬት ተደጋግሞ ይታረሳል፤ በደጋው የገብሱና የስንዴው ዘር ይዘራል፤ ማዳበሪያው ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን በአህያ ተጭኖ ይመጣል። የሰኔ ዝናም አንድ ጊዜ ካለፈ ተመለስ ቢሉት አይመለስም።

እንግዲህ ተማሪው «ነገ የወላጆች ቀን ነው፤ ኑ ተብላችኋል» ብሎ ወደ ቤቱ ሲገባ፤ አባት «በሬዬን ፈትቼ የልጅ ጨዋታ ልይ?» ብሎ ቢመልስ የሚያስደንቅ አይደለም። እናትም ለአራሹ እህል ውኃ ማድረስ አለባትና እንደዚሁ ትቀራለች። ስለዚህ ወላጁ ከክፋት የተነሣ ቀረ ብሎ መፍረድ አይገባም። ይሁን እንጂ ነገሩ በልጁ ዘንድ በዚያች ቃል አያልቅም። ልጁ ያንን ግጥም ለማጥናት ብዙ ቀን ከብት እየጠበቀ በቃሉ ሲወጣው ሲወርደው ሰንብቷል። ከመድረኩም ላይ በቆመ ጊዜ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል በዓይኑ የሚፈልገው ሽልማት የሚሰጠውን ሹም ሳይሆን አባቱንና እናቱን ነው። ያጣቸው እንደ ሆነ ግጥሙን አንብቦ ይወርዳል፤ ሕዝቡም ያጨበጭብለታል፤ ነገር ግን የደከመበትን ዋጋ ሳይቀበል ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ነገር ሁለትና ሦስት ዓመት የተደጋገመ እንደ ሆነ ትምህርቱ ለቤቱ ምንም እንዳልሆነ በልቡ ይቈርጣል፤ የቈረጠውንም ነገር አንድ ቀን ትምህርቱን በመተው ይገልጸዋል።

የልጅን ትምህርት በበዓል ማክበር የከተማ ወግ ነው፤ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ ነው የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። ይህ አነጋገር የአገሩን ሥርዓት ካለማስታወስ የመጣ ነው። በጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ፊደል የቈጠረው ሕፃን ንባቡን እያጠና ሄዶ መዝሙረ ዳዊትን በደገመ ጊዜ፤ ወላጆቹ እንደ ዐቅማቸው ዳቦ ጋግረው፤ ጠላ ጠምቀው፤ ጎረቤት ጠርተው፤ የኔታን በክብር አስቀምጠው ልጁን ያስመርቁት ነበር። «የእገሌ ልጅ ዳዊት ደገመ» የሚለው ቃል በአጥቢያው ሁሉ ይወራ ነበር። አባቱ ፊደል የማያውቅ ገበሬ ቢሆንም፤ ልጁ ያነበበውን ለመመርመር ባይችልም፤ ልጁ ማንበቡን ግን በዓይኑ አይቶ በጆሮው ሰምቶ ይደሰት ነበር። ደስታውም ለልጁ ስንቅ ይሆነው ነበር። ዛሬ የወላጆች ቀን የሚባለው በዓል የዚያ የዳዊት ድግስ ታናሽ ወንድም ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ናት። በዋሸራና በጎንጅ፤ በዲማና በደብረ ኤልያስ ቅኔ ለመማር ከቤቱ የወጣው ልጅ ደበሎ ለብሶ፤ አኩፋዳ ይዞ፤ ቁራሽ እየለመነ ብዙ ዓመት ይቆይ ነበር። ወላጆቹ የት እንደ ደረሰ ሳያውቁ ስለ እርሱ ሲያስቡ ይኖራሉ፤ የተመለሰም ዕለት የተማረውን ለመስማት ቤቱ በሰው ይሞላል። የዛሬው ተማሪ ግን ማለዳ ሄዶ ማታ ይመለሳል። እራቱን ከወላጆቹ ጋር ይበላል፤ ከጎናቸውም ይተኛል። ስለዚህ ወላጆቹ የሚያውቁት ይመስላቸዋል። ዳሩ ግን በክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚመልስ፤ በሜዳው ላይ እንዴት እንደሚሮጥ፤ በጓደኞቹ ፊት እንዴት እንደሚናገር ያዩት ቀን የለም። ከሩቅ አገር ለተመለሰው ተማሪ የነበረው ናፍቆት በቅርብ ላለው ልጅ ጠፍቶ ተገኝቷል።

የትምህርት ቤት ቴአትርና መዝሙርም ለጎጃም ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። ከምዕራብ ጎጃም ጋር በሚዋሰነው በደብረ ኤልያስ የተወለዱት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ቅኔ ከተማሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነው ነበር። ከ1928 ዓ.ም. የጠላት ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ተማሪዎች በሕዝብ ፊት የሚያሳዩትን ቴአትርና የሚዘምሩትን መዝሙር በመድረስ ስማቸው ታውቋል። የአማርኛ ቴአትር ሕፃን በነበረበት ዘመን ካሳደጉት ሰዎች አንዱ ከቅኔ ቤት የወጣ የጎጃም ሰው ሲሆን፤ የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾችም በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም አንድ ተማሪ ነጠላ አጣፍቶ፤ የሽማግሌ ጢም ለጥፎ በመድረክ ላይ ሲናገር፤ የሚያየው ወላጅ የአያቶቹን ጥበብ እንጂ ሌላ እንግዳ ነገር አያይም።

ስለ ስፖርትም ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። ብዙ ወላጅ ለአእምሮ ትምህርት ክብር ሲሰጥ ሩጫውንና ኳሱን ጊዜ ማባከኛ ያደርገዋል። ነገር ግን ይኸው ወላጅ በገና ሰሞን የገና ጨዋታ ለማየት ሜዳ ወጥቶ የመንደሩ ጎረምሳ ሩሩን ሲመታ «አበጀህ!» እያለ ይጮኻል። የመንደሩን ጎረምሳ ያመሰገነ ሰው የገዛ ልጁን የማያመሰግንበት ምክንያት አይታወቅም። ሩጫ ልጁን ትዕግሥት ያስተምረዋል፤ ኳስ ከባልንጀራው ጋር መተባበርን ያስተምረዋል፤ መሸነፍም ራሱ ትምህርት ነው፤ ያለ ቂም ተሸንፎ የባልንጀራውን እጅ መጨበጥ ያወቀ ልጅ ሲያድግ ለጎረቤቱ የሚመች ሰው ይሆናል።

ከዚህም በላይ የኢትዮጵያ ሯጮች ስም በዓለም የታወቀው ከትምህርት ቤት መንገድ ተነሥቶ ነው ለማለት ይቻላል። ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአርሲ ገጠር ልጅ ሳሉ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወደ ትምህርት ቤት እየሮጡ ይሄዱ ነበር። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፤ በ1993 ዓ.ም. መስከረም በሲድኒ በዐሥር ሺህ ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ባገኙ ጊዜ፤ ግራ ክንዳቸው ደብተር እንደ ያዘ ሰው ታጥፎ ይታይ ነበር። ከአማራ ክልል የወጣችው አትሌት ያለምዘርፍ የኋላውም የካቲት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በስፔን አገር በካስቴዮን ከተማ ዐሥር ኪሎ ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ፈጽማ በዚያን ጊዜ የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። መስከረም 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሎንዶን ማራቶን በመንገድ ላይ ወድቃ ነበር። ሆኖም ወዲያው ተነሥታ በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አንደኛ ሆና ገብታለች። በትምህርት ቤት ሜዳ የሚሮጥ ልጅ ሁሉ እንደ እነዚህ ይሆናል ማለት አይደለም። ነገር ግን ወድቆ መነሣትን በሰኔ ሜዳ ላይ የተማረ፤ አባቱም «ተነሥ፤ አይዞህ» ሲለው የሰማ ልጅ፤ ያ ቃል በሌላም መንገድ ይጠቅመዋል።

የሴት ልጅ ነገር ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ ይገባዋል። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎ ወስኗል። ሆኖም በጎጃም ገጠር ከዚህ ዕድሜ በታች ሴት ልጅን የመዳር ልማድ ፈጽሞ አልጠፋም። ለዕድሜዋ ላልደረሰች ልጅ ሠርግ በሬ ሸጦ፤ ዳስ ጥሎ፤ አገር ጠርቶ የሚደግስ አባት፤ ይህችው ልጅ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ክፍል በትምህርቷ በልጣ በሕዝብ ፊት ስሟ ሲጠራ ለአንዲት ቀን ሄዶ ያላየ ሊሆን ይችላል። ቢያያት ኖሮ ምናልባት ሐሳቡ ይለወጥ ነበር። ሴት ልጁ በመድረክ ላይ ሳትፈራ ስትናገር፤ ወይም ከጓደኞቿ ቀድማ ስትገባ የተመለከተ አባት፤ በማግሥቱ ሽማግሌ ሲላክበት «ልጄ ትምህርቷን ትጨርስ» ለማለት አንደበት ያገኛል። ጎረቤቱም አብሮ አይቷልና ሐሳቡን ይደግፍለታል። ስለዚህ የወላጆች ቀን ለሴት ልጅ ከጭብጨባ የሚበልጥ ጥቅም አለው።

ደስታም ቢሆን ሚዛን ያስፈልገዋል። በከተሞች ከአጸደ ሕፃናት ለሚወጣ ልጅ ሳይቀር ጋዋን እየተከራዩ፤ ኬክ እያዘዙ፤ ፎቶግራፍ አንሺ እየጠሩ ከዐቅም በላይ ወጪ ማድረግ እየተለመደ መጥቷል። ጎረቤት ያደረገውን ሳላደርግ ብቀር ልጄ ያፍራል እያለ የሚበደርም አለ። ይህ የልጁን ሥራ ማክበር ሳይሆን ከጎረቤት ጋር መፎካከር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተና ውጤት በታወቀ ጊዜ፤ ከተፈተኑት ውስጥ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው መገኘታቸው ሕዝቡን ሁሉ አስደንግጧል። የ2017 ዓ.ም. ውጤት ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም ገና ብዙ መንገድ ይቀራል። ስለዚህ በዓሉ ልጁ በእውነት የሠራውን ሥራ የሚያሳይ እንጂ ያልሠራውን የሚሸፍን መጋረጃ እንዳይሆን ማሰብ ያስፈልጋል። ወላጅ በበዓሉ ቀን ዕልል ካለ በኋላ፤ የልጁን ደብተር ገልጦ የመጪውን ዓመት ድካም አብሮ መምከር ይገባዋል።

ሌላው ሚዛን አንደኛ ላልወጣው ልጅ ነው። ከሃምሳ ተማሪዎች አንደኛ የሚወጣው አንድ ብቻ ነውና፤ የቀሩት 49 የማን ልጆች ናቸው? ዐምና ማንበብ ያቃተው ዘንድሮ አንብቦ ከሆነ፤ ዐምና ከሩጫው አቋርጦ የወጣው ዘንድሮ መጨረሻ ሆኖም ቢሆን ከገባ፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው እድገት ነው። «የእገሌ ልጅ በለጠህ» የሚለው ስድብ ልጅን አያበረታም፤ ያስኰርፈዋል እንጂ። «ካለፈው ዓመት በልጠሃል» የሚለው ቃል ግን ያበረታዋል። ይህንንም ለማለት ያለፈውን ዓመት ማየት ያስፈልጋል።

የወላጅ ደስታ የሚገኘው አስቀድሞ ትምህርት ቤቱ ክፍት ሲሆን ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በምዕራብ ጎጃምም በሌላውም ዞን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የተጎዱም አሉ። በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸው ተነግሯል። ይህ ቍጥር በአንድ ቤት ሲታይ ምን ማለት ነው? በሰባት ዓመቱ ፊደል ሊቈጥር የነበረ ልጅ ዘጠኝና ዐሥር ዓመት ሞልቶት ገና የመጀመሪያውን ደብተር አልያዘም ማለት ነው። ስምንተኛ ክፍል ልትፈተን የነበረችው ልጅ ተድራለች፤ ወንድሟም ሥራ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር ሄዷል ማለት ነው። ሰኔ 30 መጥቶ ሲያልፍ ካርድ የሚቀበል ልጅ የሌለበት መንደር ምን ያህል ዝም እንደሚል ያየው ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ በር የከፈተ ትምህርት ቤት ባለበት ስፍራ ሁሉ የወላጆች ቀን ሲደረግ፤ ሕዝቡ በደስታ መሰብሰቡ ትምህርት ቤቱ የእርሱ መሆኑንና ማንም ሊነካው የማይገባ መሆኑን የሚመሰክርበት ነው። ሕፃናት የሚዘምሩበትን ግቢ በዓይኑ ያየ ሰው፤ ከማንኛውም ወገን ቢሆን፤ ያ ግቢ የጦር ሰፈር ወይም ባዶ ቤት እንዲሆን አይፈቅድም።

አሁን የሚቀረው በዓሉ ከገበሬው ሥራ ጋር ሳይጋጭ የሚደረግበትን መንገድ መፈለግ ነው፤ መንገዱም ሩቅ አይደለም። የጎጃም ገበሬ በሬ የማይጠምድባቸው ቀናት በሰኔም አሉ፤ እሑድ አለ፤ ሰኔ 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል በዓል አለ፤ ሰኔ 21 ቀን የእመቤታችን በዓል አለ። በእነዚህ ቀናት ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ተሰብስቦ ይውላል። የፈተናው ውጤት በዚያን ጊዜ ባይደርስም ቴአትሩ፤ መዝሙሩና ሩጫው ይደርሳል፤ ካርዱ በሰኔ 30 ሊሰጥ ይችላል። ለእስላም ወላጆችም እንዲመች ቀኑና ሰዓቱ በምክር ቢወሰን መልካም ነው። ይህን ለመወሰን የወላጅ፤ የተማሪና የመምህር ኅብረት ሥልጣን አለውና፤ ገበሬው በጉባኤው ላይ ተገኝቶ «ይህ ቀን ይመቸናል» ብሎ መናገር የእርሱ ፋንታ ነው።

ድግሱም የሚያስጨንቅ አይደለም። በዓሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በሐዋርያት ጾም ውስጥ ስለሆነ ሥጋና ቅቤ የሚጠይቀው የለም። ዳቦና ንፍሮ፤ ቆሎና ጠላ ይበቃል። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ተማሪው ለሽልማት በተጠራ ጊዜ የአባቱና የእናቱ ስም አብሮ ይጠራ፤ እነርሱም ከልጁ ጋር ወደ ፊት ይቅረቡ። መጻፍና ማንበብ የማያውቅ ወላጅም «ምን አውቄ» ብሎ ከኋላ አይደበቅ፤ ልጁን ለትምህርት የላከው እርሱ ነውና ከሁሉ በፊት የሚመሰገነው እርሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ የደከመው መምህርም አይረሳ፤ ጥንት የኔታ በዳዊት ድግስ ላይ የተቀመጠበት የክብር ስፍራ ዛሬ ለዚህ መምህር ይገባዋል። በፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚማሩት ወጣቶችም ነገ ወደ ገጠር የሚሄዱ ናቸውና፤ ሕዝቡ መምህሩን እንዴት እንደሚያከብር ከወዲሁ ቢያዩ ለሥራቸው ብርታት ይሆናቸዋል።

አንድ ቀን በሬን መፍታት ከገበሬ እርሻ ብዙ አያጎድልም፤ የቀረውን እርሻ ጎረቤት በወንፈል ያግዛል። የልጅ ዓመት ግን በወንፈል አይተካም። ስለዚህ በየአጥቢያው ያለ አባትና እናት ሁሉ፤ የልጁ ትምህርት ቤት ቀን ወስኖ በጠራው ጊዜ፤ ነጠላውን ለብሶ፤ በትሩን ይዞ፤ የተወለዱትን ሁሉ አስከትሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ እንዲሄድ፤ ልጁም ግጥሙን ሲጨርስ ወይም ሩጫውን ሲፈጽም ሳያፍር ድምፁን ከፍ አድርጎ «እሰይ ልጄ፤ አበጀህ!» እንዲለው ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቶችም ይህ ቃል የሚሰማበትን ቀን ለገበሬው በሚመች ሰዓት ማዘጋጀት ግዴታቸው ነው።